የመሸሻ ቤት ሽቦ

ስቶክሆልም፣ ጥቅምት 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ ለአቶ አሳምነው፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማማ ብርቅአየሁስ እንዴት ናቸው? የዓይናቸው ነገር ከሐሳቤ አይወጣም። እኛ፣ ክብር ምስጋና ለእርሱ ይሁንና፣ ደህና ነን። ሰሊና ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ኖኅም ዘንድሮ ትምህርት ቤት ጀምሯል። ሁለቱም ጉልበትዎን ስመዋል።

ልጅዎ መሸሻ እሑድ እሑድ መደወሉን ስላቋረጠ እባክዎ አይቀየሙት። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሰሜን፣ የውሃ ኃይል ማመንጫዎቹ ወዳሉበት ልኮታል። እዚያ ስልክ እንደ ልብ አይገኝም። ለጊዜው ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ።

ዛሬ የማስቸግርዎ ስለ ቤታችን ነው። ሃግሴትራ ሰፈር የገዛነው ራድሁስ፣ ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የተያያዘው፣ አሮጌ መሆኑን ያውቃሉ። ኤሌክትሪከር አስመጥቼ ነበር። የቤቱ ሽቦ መዳብ ሳይሆን አሉሚኒየም ነው አለኝ። ዮርድፌልስብሪታሬ የሚባል ዕቃ ሳይገባበት ልጆች ይዤ እንዳልኖርም አስጠነቀቀኝ። ዕቃውን መሸሻ ራሱ ገዝቶት ነበር፤ ከነካርቶኑ ምድር ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሰውዬው ግን ዕቃውን ብቻ መግጠም አይበቃም፣ ግድግዳውን መፈልፈል አለብኝ ይላል። ግማሹ አልገባኝም፤ ስዊድንኛዬም ለእንዲህ ያለው አይደርስም። እርስዎ ዕድሜዎን በመብራት ኃይል የጨረሱ ነዎትና በሚገባኝ አማርኛ ያስረዱኝ። ልፍቀድለት ወይስ ይቅር?

እማማን በጣም አድርገው ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ተናኜ


ስቶክሆልም፣ በዚያው ቀን

ለጋሽ ብርሃነ ሥላሴ፣

ለአባባ የጻፍኩትን ሳያዩት አይቀሩምና ቀድሜ ልንገርዎ። ስለ ሽቦ ጻፍኩላቸው። ሌላ የምጽፈው አጣሁ። ዝም ካልኩ ይጠረጥራሉ፣ ከደወልኩ ድምፄ ያጋልጠኛል። ደግሞም ቤቱን እውነቴን ነው የምፈራው፤ ከእሳቸው ሌላ የማምነው ባለሙያ የለኝም።

እማማ ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና እስኪደረግለትና ቁስሉ እስኪሽር መርዶው ይቆይ ብላችሁ ስትወስኑ እሺ ብያለሁ። የእናት ለቅሶ ዓይን እንደሚያጠፋ፣ መርዶም በስልክና በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ግን ባሌን መሸሻን ከቀበርኩት ከነሐሴ ወዲህ "መሸሻ ደህና ነው" ብዬ መጻፍ እጄን ያቃጥለኛል። አባባ ወንድምዎ ናቸውና ቶሎ ቁርጡን አድርጉልኝ።

ተናኜ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 1 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለተናኜ፣

የዋልሽበት ያደርሽበት ሰላም ይሁን፤ ልጆችሽን ክፉ አይንካብሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሠላሳ ዓመት ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ስለኖረ አልፈርድበትም። የብርቄ ቀዶ ሕክምና ወደ ታኅሣሥ ተገፍቷል። ከአሁኑ ሐኪሙን ታማዋለች፤ ገና ልጅ ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል ትላለች። ሲንቀጠቀጥ በየትኛው ዓይኗ እንዳየችው እንጃ።

ለመሆኑ ያ ባልሽ ምን ነካው? ኢንጂነር ነኝ እያለ ሚስቱን ስለ ሽቦ አዲስ አበባ ድረስ ያስጠይቃል? ከበረዶው ሲመለስ ጆሮውን እቆነጥጠዋለሁ። እስከዚያው እኔ ላስተምርሽ።

ስዊድን የሚያህል አገር ቤቱን በብረት ድስት ማዕድን ዘረጋ ስትዪኝ ሳቅሁ። መዳብ ሲወደድ ብዙ አገር እንዲህ አድርጓል፤ አሉሚኒየም በደንብ ከተያዘ አይከፋም። ጠባዩ ግን ክፉ ነው። ሲሞቅ ከመዳብ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። በዚህ መሐል ብሎኑ ሥር ይላላል። የላላ መገጣጠሚያ ይግላል፣ ወይም ጭራሽ ይለቃል። ከመዳብ ጋር በቀጥታ ከተጠማዘዘማ ይበላሻል፤ ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ማገናኛ ያስፈልገዋል።

ያ ስሙን ሳነብ ምላሴ የተጠለፈበት ዕቃ ደግሞ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው። ኤሌክትሪክ በአንዱ ሽቦ ገብቶ በሌላው ይመለሳል። ዘበኛው የገባውንና የተመለሰውን ያስተያያል። የጎደለ ካለ መንገድ ስቶ፣ ምናልባትም በሰው ገላ በኩል፣ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ያኔ ዓይንሽን እስክትጨፍኚ አይጠብቅም፣ ይዘጋል።

ሁለት ነገር ግን ያዢ። አንደኛ፣ እሱ የሰው ዘበኛ እንጂ የእሳት ዘበኛ አይደለም። የላላው አሉሚኒየም ሲግል አያይልሽም፤ መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ተከፍተው መታየት አለባቸው። ሁለተኛ፣ በእንዲህ ያለ አሮጌ ቤት መመለሻውና ኤርዙ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወስደው፣ አንድ ሽቦ ናቸው። እነሱ ሳይለያዩ ዘበኛው ሥራውን በትክክል መሥራት አይችልም። ስለዚህ ሰውዬው ግድግዳውን ፈልፍዬ አዲስ የመዳብ ሽቦ እዘረጋለሁ ካለ ልክ ነው፣ ፍቀጂለት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

ለብርቄ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የምታደርገው ጥቁር መነጽር ላኪላት። እዚህ ያለው ከአፍንጫዋ ላይ ይንሸራተታል። መሸሻንም አባትህ ድምፅህን ናፍቋል በዪው።

አባትሽ አሳምነው


ስቶክሆልም፣ ኅዳር 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ሰላምታዬ እግርዎ ሥር ይድረስ። ደብዳቤዎ ስንት ቀን እንዳቆመኝ ብነግርዎ አያምኑም። ደጋግሜ አነበብኩት። መሸሻ ሲያስረዳ ልክ እንደዚህ ነው፤ ከማን እንደወረሰው አሁን ገባኝ።

ለኤሌክትሪከሩ ፈቀድኩለት። መመለሻውና ኤርዙ ይለያሉ ወይ ብዬ ስጠይቀው ቀና ብሎ አየኝና ማን ነገረሽ አለኝ። አማቼ አልኩት። ምድር ቤቱ አሁን አቧራ ለብሷል፤ ልብስ የማጥበው ጎረቤት ዘንድ ነው። የዘበኛውን ነገር ለልጆቹ ነገርኳቸው። ኖኅ በስዊድንኛ "ታዲያ መቼ ነው የሚተኛው?" አለኝ። አማርኛውን ይሰማል፣ መልሱ ግን ሁሌም በስዊድንኛ ነው። አይተኛም ብዬዋለሁ።

አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልብ ብለው ይመልሱልኝ። ዘበኛው ተገጥሞ ቢሆን፣ ባዶ እግሩን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የቆመ ሰው ኤሌክትሪክ ያለበትን ማሽን ቢነካ፣ በእውነት ይተርፋል? ወይስ እንዲያው ለማጽናናት የሚባል ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖብኝ ሳስብ አድራለሁ።

መነጽሩን አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው ሰጥቻለሁ። መሸሻ ሲመቸው ይደውላል።

ልጅዎ ተናኜ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለተናኜ፣

የልጆቼ አምላክ ይጠብቅሽ። የብርቄ ዓይን በሰላም ተሠራ። የሚንቀጠቀጠው ልጅ እጁ ወርቅ ሆኖ ተገኘ፤ አሁን ደግሞ ልትድረው ሚስት እየፈለገችለት ነው። እንዳታጎነብስ፣ እንዳታለቅስ፣ ጢስም እንዳይነካት ታዝዛለች። "እንዳላለቅስ ከሆነ ሽንኩርት የሚከትፍልኝ አምጡ" ብላ እኔን ማዕድ ቤት አስገባችኝ። በሰባ አራት ዓመቴ ወጥ ቤት ሆኛለሁ። ብርሃነ ሥላሴ አይቶኝ እንኳ አልሳቀም። እሱ የማይስቅበት ነገር አልነበረም፤ ሰሞኑን ምን እንደያዘው አላውቅም።

ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱ አዎን ነው። ይተርፋል። ንዝረቱ ይሰማዋል፣ ይደነግጣል፣ ምናልባት ይወድቃል። ልቡ ሳይቆም ግን ዘበኛው ይዘጋል። ለማጽናናት አይደለም፤ የተሠራው ለዚሁ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብለሻል። የቱ ጅብ ነው የሄደው? ቤታችሁ ሰው ነዘረ? ልጆቹን ነካቸው? እንዳትደብቂኝ።

መሸሻ ስልክ ካላገኘ እዚያ ፖስታ ቤት አያጣም። ሁለት መስመር በእጁ ይጻፍልኝ። ለብርቄ አይደለም፣ ለኔ ነው። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

አባትሽ አሳምነው


ስቶክሆልም፣ ጥር 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰዎ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። እማማ ዓይናቸው እንኳን በሰላም ተሠራ። መነጽሩ ልካቸው ሆነ?

ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ማንንም አልነካም። የቤቱ ሥራ አልቋል። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ተከፍተው ታይተዋል፣ የላሉት ተቀይረዋል፣ ወደ ምድር ቤቱ አዲስ የመዳብ ሽቦ ወርዷል። ዕቃውም ተገጥሟል። ካርቶኑን ኤሌክትሪከሩ ሊጥለው ሲል ቀምቼው አስቀመጥኩት። መሞከሪያዋን ቁልፍ ራስሽ ተጫኛት አለኝ። ስጫናት ቤቱ በሙሉ ጸጥ አለ፣ ፍሪጁም መብራቱም። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰውዬው ያበላሸ መስሎት ደነገጠ።

መሸሻ ሥራ ስለበዛበት አልጻፈም። ሰላም ብሎዎታል።

ተናኜ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለተናኜ፣

አምላክ አንቺንና ልጆቼን በክንፉ ይጋርዳችሁ። ይህን ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

መሸሻ ሞቷል። እንግዲህ እኔ ጻፍኩት፤ አንቺን ከመጻፍ ገላግዬሻለሁ።

እንዴት አወቁ ትዪኝ ይሆናል። ልጄ፣ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም። መሸሻ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የዚህን ቤት ደወል የዘረጋ ልጅ ነው። እሱ በሕይወት እያለ ሚስቱ ኤርዝ ምንድን ነው ብላ እኔን ትጠይቃለች? መጀመሪያ አባቴ ጃጅቶ እንደሆነ ልፈትነው ብሎ ነው ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ስለ እርጥቡ ሲሚንቶ ጻፍሽልኝ። ሁለት መስመር ለመንኩሽ፣ አንቺ የመነጽር ልክ ጠየቅሽኝ። ብርሃነ ሥላሴም ፊቴን ማየት ተወ። የዕድሩ ዳኛ ሠላሳ ዓመት በአንድ እጁ ሲጨብጠኝ ኖሮ አሁን በሁለት እጁ ይጨብጠኛል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ የማናውቀው እኔና ብርቄ ብቻ ነበርን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

የገደለው የኔው ሙያ ነው፤ መብራት ነው። አይደለም? "በእውነት ይተርፋል?" ስትዪኝ አዎን ይተርፋል ብዬ እንደ አስተማሪ መለስኩልሽ። ያን መልሴን ስታነቢ ምን ሆነሽ ይሆን?

ለማንም እንዳወቅሁ አልተናገርኩም። ሐኪሙ የብርቄ ቁስል ፈጽሞ አልደረቀም ብሏል፤ ትንሽ ይቀራታል። አጠገቧ ተቀምጬ እበላለሁ፣ ስለ ልጁ ስታወራ እሰማለሁ። ለፋሲካ ይደውላል ትላለች። ይደውላል እላለሁ። ሽንኩርት መክተፉን ግን አልተውኩም፤ አሁን ራሴ ነኝ የምጠይቀው። እዚያ ላይ ማንም ለምን ታለቅሳለህ አይለኝም።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፣ ወጉን እኔም አውቃለሁ። እኔ ግን ከሰው አፍ ከመስማቴ በፊት ካንቺ መስማት እፈልጋለሁ። ፈቅጄልሻለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ምንም አታስቀሪ።

አሳምነው


ስቶክሆልም፣ መጋቢት 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

አባባዬ፣

ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ቅዳሜ ነበር። የልጆቹን ልብስ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ ላስገባ ብሎ ምድር ቤት ወረደ፤ ነሐሴ ነውና ባዶ እግሩን ነበር። ማሽኑ ቀደም ሲል ውሃ አፍስሶ ወለሉ ርሷል። እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ የኖኅን ጸጉር እቆርጣለሁ። የሰማሁት ድምፅ የለም። ምሳ ደረሰ ብዬ ስጣራ ዝም አለ፤ ሁለተኛ ስጣራም ዝም አለ። ስወርድ ማሽኑ ሥር ወድቆ ነበር። ልነካው ስል እሱ ራሱ ደጋግሞ የነገረኝ ትዝ አለኝና መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አጠፋሁ። ስለዚህ ልጆቹ እኔን አላጡም። ይህንንም ለኔ ያደረገው እሱ ነው።

ባለሙያዎቹ ሲያዩት፣ እርስዎ እንዳሉት፣ መመለሻና ኤርዝ ሆኖ የሚያገለግለው አንዱ የአሉሚኒየም ሽቦ ብሎኑ ሥር ላልቶ ለቆ ነበር። የማሽኑ ቆርቆሮ በሙሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል። ዕቃው ከነካርቶኑ ከራሱ በላይ መደርደሪያው ላይ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ "በሚቀጥለው ቅዳሜ እገጥመዋለሁ" ይለኝ ነበር። ያን ቅዳሜም ከምሳ በኋላ ሊገጥመው ነበር።

ይተርፋል ብለው ሲመልሱልኝ ደብዳቤውን ይዤ ብሬዴንግ ሰፈር ያለችው ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። አንብባው አቀፈችኝ። ግን አባባ፣ እውነቱን ስለነገሩኝ አልተቀየምኩም። የሚያስፈልገኝ እውነቱ ነበር። እዚህ ሁሉም "ቀኑ ደርሶ ነው" ይሉኛል። ቀኑ አልደረሰም ነበር። እርስዎ ብቻ ነዎት እንዲያ ያላሉኝ።

የቀበርነው እዚህ ነው። አፈር ሲለብስ ከወገኑ አንድም ሰው አልነበረም። ዘመዱ ሁሉ እኔው ሆኜ አለቀስኩለት። ስለዋሸሁዎት እግርዎ ላይ እወድቃለሁ።

ተናኜ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለተናኜ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል ለአንቺ ሳልል የቆየሁት ዕዳ ሆኖብኝ ነበር፤ ያጽናሽ ልጄ። ዋሸሁ አትበዪ። የዋሸነው ሁላችንም ነን፤ ለብርቄ ዓይን ብለን ነው። ስለ ማጥፊያውም በደንብ አድርገሻል። እሱን ብትነኪው ኖሮ ዛሬ ለሁለት ነበር የምናለቅሰው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በማግስቱ ብርቄን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ቁስሉ ሽሯል፣ ከእንግዲህ እንደ ልቧ ትሁን አለን። በመንገድ ላይ የታክሲውን ታርጋ እያነበበች ትስቅ ነበር። እኔ ብርሃነ ሥላሴ ቤት ሄጄ በቃ፣ ነገ ይሁን አልኩት። እሱም አንገቴን አቅፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ስንት ወር በሆዱ ይዞ ኖሯል፣ ምስኪን።

አንተ ቤት ተቀመጥና እኛ እንመጣለን አለኝ። እምቢ አልኩ። አጠገቧ ተኝቼ የበሩን መንኳኳት እንዳልሰማሁ ሆኜ መጠበቅ አልችልም። ደንግጬ ልነሣ ነው? ምን ሆናችሁ ብዬ ልጠይቅ ነው? እስከ ዛሬ ያስመሰልኩት ይበቃል።

ዛሬ ድንኳኑ እንደተተከለ ነው። ሰዉ ይገባል፣ ይወጣል። ብርቄ ድምፅዋ ተዘግቷል፤ የምትለው ነገር ግን አለ። ተናኜን ብቻዋን አስለቀስናት፣ ለልጄም እኔ ሳልደርስለት እሷ አለቀሰችለት ትላለች። ልጆቹን ይዘሽ በክረምት ነዪ። አልጋው ተነጥፎ ይጠብቃችኋል።

ምንም አታስቀሪ ብዬሽ ነበርና እኔም አላስቀርብሽም። በመርዶው ማለዳ ለኪዳን እሄዳለሁ ብያት ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። ውጪ አልነጋም ነበር። መንገዱ ጥግ ላይ ተሰብስበው ቆመዋል፤ ብርሃነ ሥላሴ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ። መሐላቸው ገብቼ አብሬያቸው ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ማንኳኳት የማን እንደሆነ ሁሉም ጠፋባቸው። እኔ የገዛ በሬን አንኳኳሁ።

ራሷ ከፈተች። የቆምነውን አንድ በአንድ አየችን። በሩን በሁለት እጇ ያዘችው። መጨረሻ ላይ ከመሐላቸው እኔን አየችኝ።

"አሳምነው፣ አንተ ደግሞ ከነሱ ጋር ምን ትሠራለህ?" አለችኝ።

መናገር የነበረበት ብርሃነ ሥላሴ ነው፤ ወጉ እንደዚያ ነው። እኔው ነገርኳት።

አባትሽ አሳምነው